ውሃው እስኪደርስ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውሃ ማጣሪያው ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም የሚጠራው «ጋሽ ነጥብ» እያለ ነው። «የዛሬው ክሎሪን ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው «ግማሽ ገደማ» የሚል መልስ ከእሱ አግኝቶ አያውቅም። «ዜሮ ነጥብ አራት ስምንት» ነው መልሱ። አንድ የቸኮለ አለቃ «ኧረ በናትህ፣ ግማሽ በለውና እንገላገል!» ብሎት ነበር። ጋሽ ነጥብ ከመዝገቡ ቀና ብሎ አየውና «ግማሽ ቢሆን ኖሮ ግማሽ እል ነበር» አለው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ላይ የተከራከረው የለም።

የመዝገብ ነገር ከሆነማ አይነሳ። ገና ወጣት ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ሞቆት ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ የክሎሪን መጨመሪያው ፓምፕ ለአርባ ደቂቃ ቆሟል። ያየ ሰው የለም። ከተማው የጠጣው ውሃም ማንንም አላሳመመም። እሱ ግን ብዕሩን አንስቶ «ፓምፑ ለአርባ ደቂቃ ቆሟል፤ ተረኛው ተኝቶ ነበር» ብሎ ጻፈ። በዚያች መስመር ምክንያት የክፍል ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጓደኞቹ «ምን አስለፈለፈህ?» ሲሉት «የተደረገ ነገር ይጻፋል» አለ፣ በቃ። አንዳንዱ ሞኝ ነው አለው፣ አንዳንዱ ቅዱስ። ሁለቱም አልነበረም፤ ሳይጽፍ ማደር ስለማይችል ብቻ ነው።

ጡረታ ሲወጣ የገባው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና አንዲት ትንሽ ክፍል። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር። ሳይጣሉም ብዙ ሳይፋቀሩም ስድስት ዓመት ኖረው ተለያዩ፣ ልጅም አልወለዱ። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ኖረ። ቁልፉ የሚሰቀልበት ምስማር አንድ ነው፣ ሻይ የሚጠጣበት ኩባያ አንድ ነው፣ ከምሳ በኋላ ትንሿ ክፍል ገብቶ ጋዜጣ የሚያነብበት ወንበርም ያው አንድ ነው። ጎረቤቶቹ «ብቸኝነቱ አይከብድህም?» ሲሉት ይገርመዋል። እሱ ጸጥታ ነው የሚለው።

እንግዲህ ጸጥታውን ያናጋችው ታላቅ እህቱ ናት።

እህቱ የስፌት መምህርት ነበረች። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእሱ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። እናታቸው ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ፀጉሩ ሸብቶም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። ባሏ ሞተ፤ የተከራዩትን ቤት አከራዩ ፈለገው፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ባልና ሦስት ልጆች ካሏት ልጇ ቤት ገባች። ይዛው የገባችው ሌላ ነገር ቢኖር ባሏ የተወላት አንድ ወርቃማ ዓሣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የኖረ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጅራቱ ትንሽ የተቀደደ ዓሣ፤ «ሽማግሌው» ይሉታል። የመስታወት ገንዳው ዕቃ ሲጫን ተሰብሮ ሽማግሌው ሳፋ ውስጥ ገባ፤ ሳፋው ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገባ። ገላውን ሊታጠብ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ዓሣ ማንሳት አለበት።

ስድስት ወር እንደዚህ ከኖረች በኋላ ለወንድሟ ደወለች።

«ያቺ ትንሿ ክፍልህ ባዶ ናት አይደል?»

«ወንበር አለባት» አለ ጋሽ ነጥብ።

«ከወንበሩ ጋር እስማማለሁ» አለችው።

እምቢ እንዴት ይላል? ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው! «እሺ እትዬ» አለ። ምላሱ እሺ ስትል ዓይኑ ወደ ትንሿ ክፍል በር ሄደ። ወዲያውም የሚያውቀውን ነገር አነሳ። «ዓሣውን ግን አዲስ ገንዳ ውስጥ ዝም ብሎ መጨመር አይሆንም። ውሃው መዘጋጀት አለበት። ውሃው ሲደርስ እደውልልሽና አብራችሁ ትመጣላችሁ።»

«የውሃው ሰው አንተ ነህ፤ አንተ ታውቃለህ» አለች። እሱ በልቡ ሁለት ቀን መድቦለት ነበር።

ገንዳ ሊገዛ የሄደባት ዓሣ ሻጭ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ የምትሰበስብ፣ ቀልድ የሚቀናት ሴት ናት። መቶ ሃያ ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለበት ማጣሪያና የመመርመሪያ ሣጥን ሸጠችለት። ሣጥኑ ውስጥ ትንንሽ ብልቃጦች፣ የጠብታ ጠርሙሶችና ቀለም የሚነጻጸርበት ካርድ አለ። ጋሽ ነጥብ ካርዱን አገላብጦ «ሥራችሁ በዓይን ግምት ነው ማለት ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ዓሣ እንጂ ሮኬት አይደለም» አለችውና ነገሩን አስረዳችው። «ክሎሪኑን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ሁለት ጠብታ ነው። ከባዱ ሌላው ነው። ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ይገድለዋል። ስለዚህ አሞኒያ የሚበላ ባክቴሪያ ስፖንጁ ላይ ማርባት አለብዎት። እሱ ሲበላ ናይትራይት ይወጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ያንን የሚበላ ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ይመጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚቀረው ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። በየቀኑ ትንሽ አሞኒያ ጠብ እያደረጉ ይመግቧቸው። የሰጡት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ አልቆ፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ውሃው ደርሷል። ወር፣ ወር ተኩል ይፈጃል።»

«ባክቴሪያ ላርባ?» አለ ጋሽ ነጥብ። «እኔ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሳጠፋው የኖርኩትን?»

«እንግዲህ ይካሷቸዋ!»

ከራሷ የቆየ ገንዳ ውስጥም ቡናማ፣ ልጋግ የለበሰ ስፖንጅ አውጥታ አሳየችው። ይህን ከማጣሪያው ጋር ቢያስቀምጠው ባክቴሪያው ከሱ ላይ ተሻግሮ ሥራው በሳምንት በአሥር ቀን እንደሚያልቅ ነገረችው። ጋሽ ነጥብ የሞተ አይጥ እንዳሳዩት ወደ ኋላ ሸሸ።

«የሰው ቤት ጀርም ቤቴ አላስገባም» አለ።

ገንዳው ሳሎኑ ግድግዳ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጎኑ ላይ አንድ ባለመስመር ደብተር፣ ላዩ ላይ ብዕር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመረምራል፦ ብልቃጡን ሦስት ጊዜ ያለቀልቃል፣ ውሃውን እስከ መስመሩ ይሞላል፣ ጠብታውን ይቆጥራል፣ አምስት ደቂቃ በሰዓት ይይዛል፣ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ቆሞ ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። «ቀን 1። ክሎሪን 0። ፒኤች 7.4። ሙቀት 21። አሞኒያ 2። ናይትራይት 0።» ቀን 2ም ያው። ቀን 3ም ያው። ቀን 8ም ያው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ስልኩ ይጮኻል።

«ዛሬስ ስንት ነው?»

«ሁለት ነው። ምንም አልወረደም።»

«ቆይ፣ ዓሣ የሌለበትን ውሃ በየቀኑ ስትመግብ ነው የምትውለው? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው እኮ!» ትልና ትስቃለች። ከኋላዋ የቴሌቪዥኑ ጩኸትና የልጆቹ ግርግር ይሰማል።

አሥራ አንደኛው ቀን ላይ የአሞኒያው ብልቃጥ አረንጓዴነቱ ሳሳ። በማግስቱ የናይትራይቱ ብልቃጥ ሐምራዊ ሆነ። ጋሽ ነጥብ መነጽሩን አውልቆ አጸዳና ደግሞ አየ። በዓይኑ ያላያቸው ፍጥረታት ሥራ ጀምረዋል። ለማንም አይናገረው እንጂ ደስ አለው። ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ የሚጨምረው አሞኒያ በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር፣ ናይትራይቱም ወደ ታች ማዝገም ያዘ። «አንድ ሳምንት ቢቀር ነው» አላት እህቱን። እሷም ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር እንዳወጣች ነገረችው።

ሃያ አራተኛው ቀን ላይ ማጣሪያውን ከፈተ። ስፖንጁ ቡናማ ሆኗል፣ ያሟልጫል። እስቲ ፍረዱት፤ ዕድሜውን ሙሉ ልጋግ ያየበትን ነገር ሁሉ ሲያስፈትግ የኖረ ሰው ነው። ስፖንጁን ወስዶ በቧንቧ ውሃ እየጨመቀ አጠበው፤ ጨመቀ፣ አጠበ፣ የሚወርደው ውሃ ኩልል እስኪል። በቧንቧው ውሃ ይተማመናል። እሱ ራሱ ያስተማራቸው ልጆች ያከሙት ውሃ ነው። ነጭ የሆነውን ስፖንጅ መልሶ አስገባና ረክቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ አሞኒያው ሁለት። በሦስተኛው ቀን ሁለት። ወደ ሱቁ ሄደ።

«ስፖንጁን በምን አጠቡት?» አለች ዓሣ ሻጯ።

«በቧንቧ ውሃ።»

«ፈጇቸው!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ውሃው ክሎሪን አለው እኮ!»

ለካስ ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቷል። ለክሎሪን ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመሰክር የኖረ ሰው ምን ይበል? ቤቱ ተመልሶ «ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ባክቴሪያው ሞቷል፤ የመርማሪው ስህተት ነው» ብሎ ጻፈና ለእህቱ እንደወረደ ነገራት። እሷ ስልኩ ውስጥ በሳቅ ሞተች። «አንተ ልጅ፣ ጡረታ ወጥተህም መግደል አላቆምክም?» አለችው። ከዚያ ሳቋ ቀነሰና «ስንት ቀን ነው ታዲያ የሚጨምረው?» አለች።

«ሦስት ሳምንት ገደማ» አለ። ገደማ ሲል እሷም ገረማት።

ስልኩን ዘግቶ እራቱን በላ። ደህና አድርጎ በላ፤ ድስቱ ውስጥ የቀረውንም ጨመረ። ሳህኑን ሲያጥብ ነው ያን ያህል መብላቱን ያስተዋለው፤ ሲያፏጭም ነበር። ሦስት ሳምንት ጸጥታ ተጨምሮለታል። ይህን ባወቀ ጊዜ ማፏጨቱን ተወ፤ ግን አወቀው።

ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ሄደ። በስልኩ የሚመጣው ወሬ ግን ተለወጠ። የልጅ ልጇ ፈተና ደርሶባት ሳሎኑ የጥናት ቦታ ሆነ፤ የእህቱ ታጣፊ አልጋም ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «ትራፊክ ፖሊስ ሆኛለሁ» አለችው፤ «ሽንት ቤት የሚሄደውንም ኩሽና የሚገባውንም አሳልፋለሁ።» ቀልዱን እንደ ቀልድ ሳቀላት። እንደ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ግን ገብቶታል፤ ደደብ አይደለም።

አርባ ስድስተኛው ቀን ላይ ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ጋሽ ነጥብ በአንድ ልኬት አያምንም፣ እስከ ነገ ቆየ። አርባ ሰባተኛውም ቀን ዜሮና ዜሮ። ውሃው ደርሷል። ሊደውልላት ይገባ ነበር።

ትንሿ ክፍል ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ አርፋለች። እህቱን አሰበ፤ ሥራ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፣ ከሌላ ክፍል ሆና ታወራለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ዕቃ ያለ ቦታው ታስቀምጣለች፣ ዝም ሲላት «ምን እያሰብክ ነው?» ትላለች። አንድ ወር አይደለም፣ አንድ ዓመት አይደለም፤ እስከ ሞት ነው። ይወዳታል፤ ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላብ አጠመቀው።

ተነሳ። ማጣሪያውን ከፈተ። ስፖንጁን አወጣና ቧንቧው ሥር ያዘው። ውሃው ቡናማ ሆኖ ወረደ፣ ከዚያ ነጣ ያለ ወረደ፣ ከዚያ ጠራ። በሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ያዘ። ስፖንጁን መልሶ አስገብቶ የዕለቱን አሞኒያ ጠብ አደረገ።

ከዚያ ደብተሩ ፊት ተቀመጠ። ለማንም የማይታይ ደብተር ነው፤ ቢዘለው ማን ያውቃል? እሱ ግን ጻፈ። «ቀን 47። አሞኒያ 0። ናይትራይት 0። ውሃው ደርሷል። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ለሦስት ደቂቃ ታጠበ። ሆን ተብሎ።»

በዚያው አመሻሽ ስልኩ ሲጮኽ አላነሳውም። በማግስቱ ከመረመረ በኋላ አነሳው። «አሞኒያው እንደገና ወጥቷል፤ አንድ ነጥብ አምስት ነው» አላት። ቁጥሩ እውነት ነበር። ውሸት አልተናገረም፤ ይህን ለራሱ ሦስት ጊዜ ነገረው፣ ሦስት ጊዜም አላጽናናውም።

«ወይኔ!» አለች እህቱ። «ይሁን እንግዲህ። ካንተ ጋር እጣላ እንደሆነ እንጂ ከቁጥር ጋር አልጣላም። ሌላው ቢዋሽ አንተ ቁጥር ላይ አትዋሽም።»

ይህች ቃል አንጀቱን በላችው። እራቱን አቀረበ፣ አልበላውም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እህቱ ስለ ቁጥሩ ሳትጠይቅ «ሽማግሌው ሳፋው ሥር ተኝቶ ነው የሚውለው። ትንፋሽ ያጥረዋል። እንደኔ ሳይደክመው አልቀረም» አለችው። ስትቀልድ እንኳ አልነበረም። ጋሽ ነጥብ ጆሮው ላይ ያለውን ስልክ ይዞ ቆሞ አፈረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«ያቺን ስፖንጅ ስጪኝ» አለ።

ዓሣ ሻጯ ቁልፏን በሩ ላይ እንደተወች ዞረች። «የሰው ቤት ጀርም አላስገባም ብለው አልነበር?»

«አሁንም ጀርም ነው። ስጪኝ።»

አላሾፈችበትም፤ ፊቱን አይታለች። ልጋጋሙን ስፖንጅ ከነውሃው በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችው። አውቶቡስ ውስጥ በሁለት እጁ ይዞት ሄደ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ ቦታ ቀየረች። ቤቱ ደርሶ ከእሱ ስፖንጅ ጎን አስገባው፣ ይህንንም ጻፈው። አሞኒያው በሦስተኛው ቀን ወረደ። ናይትራይቱ ሐምራዊ ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ሳሳ። ስድሳኛው ቀን ላይ ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ነገ አንድ ጊዜ ብቻ ይደግማል፣ ከዚያ ወዲያው ይደውላል። ቃል ገባ፤ ለማን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

በማግስቱ እንቅልፍ ስላልወሰደው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልጠበቀም፣ ጠዋት መረመረ። ዜሮና ዜሮ። ጽፎ ስልኩን ሊያነሳ ሲል በሩ ተንኳኳ።

እህቱ ናት። ክዳን ያለው ባልዲ በሁለት እጇ አቅፋለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ውሃህ ይድረስ አይድረስ ግድ የለኝም» አለች ገና እግሯ ሳይገባ። «ከሞተም ወንድሜ ቤት ይሙት እንጂ እዚያ ሳፋ ውስጥ አይሞትም። ሻንጣዬ ታች ታክሲው ውስጥ ነው፤ ሾፌሩ ፎቅ አልወጣም ብሏል።»

«ተቀመጪ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ብሎ ባልዲውን ተቀብሎ ገንዳው ጎን አኖረውና ጫማ እንኳ ሳያደርግ በነጠላ ጫማው ወረደ። ሻንጣው ከባድ ነው። እየጎተተው ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደብተሩ! ደብተሩ ገንዳው ጎን ክፍት ነው። ሮጦ ሊወጣ አንድ እግሩን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ አኖረው። ሮጦ ደርሶ ሊነጥቃት ነው? ሻንጣውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ።

መነጽሯን አድርጋለች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው፣ ጣቷ መስመሩ ላይ። ዓይኗን ሳታነሳ ጮክ ብላ አነበበችለት፣ ከ«ውሃው ደርሷል» እስከ «ሆን ተብሎ»።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልኬት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አትቀልድብኝ!»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ ነኝ እትዬ። ውሃው ደርሶ ነበር። እኔ አበላሸሁት።»

«ለምን?»

«እንዳትመጪ።»

የማጣሪያው ውሃ ይንጫጫል። እህቱ መነጽሯን አወለቀች። «አሥራ አራት ቀን» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ አራት ቀን ኮሪደር ላይ ጨመርክብኝ። ልጆቹ እግሬን እየረገጡ ሲያልፉ፣ እኔ ላንተ ውሃ ስጸልይ ነበር። ላንተ ውሃ!» አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች። ጋሽ ነጥብ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት።

«ፈርቼ ነው» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ኖርኩ። ከሰው ጋር መኖር ረስቻለሁ። አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።»

«ይህን አፍ አውጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አላውቅም» አለ፤ እውነቱን ነው።

ባልዲው ውስጥ ዓሣው ዞር ሲል ውሃው ተንቦጫረቀ። ሁለቱም ወደዚያ ዞሩ።

«ዛሬስ ስንት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ዜሮና ዜሮ። ትናንትም ዜሮ ነበር። ልደውልልሽ ስልኩን ላነሳ ስል ነው ያንኳኳሽው።»

«ይህን ልመንህ?»

«ተጽፏል።»

ገጹን ገልብጣ ወደ መጨረሻው መስመር ሄደች፣ አየችው፣ ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ ሁለቱም ባልዲው ላይ ጎንበስ አሉ። ዓሣው ውሃውን እንዲለምድ የገንዳውን ውሃ በኩባያ እየቀዳ ጥቂት በጥቂት ጨመረለት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፤ እሷ ባልዲውን ይዛለታለች። ሽማግሌውን በመረብ አንስቶ ገንዳው ውስጥ ሲለቀው እንደ ድንጋይ ወደ ታች ወረደና አሸዋው ላይ ተኛ። እህቱ የወንድሟን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ዓሣው ጎኑን አንዴ አነቃነቀ፣ ሁለቴ አነቃነቀ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እየዋኘ የገንዳውን ርዝመት እስከ ጥግ ሄደ።

ክንዱን ለቀቀችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ከገንዳው ሳታነሳ ተናገረች።

«ልጄ ቤት አንድም ሰው ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። እማዬ፣ እማዬ ነው። ግን የድስቱ ክዳን ሲወረወር እሰማለሁ። በር ሲላተም እሰማለሁ። ምን ሆናችሁ ስላቸው፣ ኧረ ምንም የለም እማዬ። ስምንት ወር ሙሉ የማብድ መሰለኝ፤ እኔው በራሴ የምፈጥረው መሰለኝ። አንተ ክፉ ነገር ነው ያደረግኸው። ግን ጽፈኸዋል። እዚያም አላበድኩም ማለት ነው፤ ሰው አልፈልግህም ሲል እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

ጋሽ ነጥብ የባልዲውን ክዳን አንስቶ ገጠመው።

«ስለዚህ እዚህ እገባለሁ፤ እዚህ ቢያንስ ይጻፋል» አለች። «አመሰግናለሁ ግን አልልህም።»

«አትበዪ እትዬ» አለና ሻንጣዋን አንስቶ ትንሿ ክፍል አስገባው።